ፍጥነትና ሙዚቃ፦ በነፃ ሶፍትዌር የሚቀናበር ቪዲዮ እውነቱን እንዳይለቅ

በመንዝ ደጋ አንድ ባና ገበያ ከመድረሱ በፊት ብዙ እጅ ያልፋል። የበግ ጸጉር ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያም ወደ ሸማኔው ይደርሳል። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ቆሞ ዋጋ የሚጠይቅ ሸማች ግን የሚያየው ተጣጥፎ የተቀመጠውን ባና ብቻ ነው። ዋጋው የበዛበትም የድካሙን ልክ ስላላየ ሊሆን ይችላል።

በእጅ ስልክ የተቀረጸ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ይህን ድካም ለገዢው ሊያሳይ ይችላል። የቀናትን ሥራ በሦስት ደቂቃ ለመጠቅለል የምስሉን ፍጥነት መቀየር፣ ተመልካቹን ይዞ ለማቆየትም ተስማሚ ሙዚቃ ማከል ያስፈልጋል። ሁለቱንም ያለ ክፍያ በሚገኙ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች መሥራት ይቻላል። ይሁንና የባናን ሥራ የሚያሳየው መሣሪያ የሚያነክስን በቅሎ ጤነኛ ሊያስመስል፣ የሚያስልን በግ ሳልም ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ፍጥነትና ሙዚቃ በቪዲዮ ላይ የሚደረቡ ጌጦች ብቻ አይደሉም፤ ቪዲዮው የሚናገረውን ነገር ራሱን ይለውጣሉ። ከዚህ ቀጥሎ አሠራራቸውንና ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ እንመለከታለን።

«ነፃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በኮምፒውተር ላይ ከሚሠሩት ነፃ የቪዲዮ ማቀናበሪያዎች መካከል ሾትከት፣ ኬደንላይቭና ኦፕንሾት በስፋት ይታወቃሉ። ሦስቱም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የተሠሩበት የፕሮግራም ጽሑፍም ለማንኛውም ሰው ክፍት ነው፤ ማንም ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው ይችላል። በተጠናቀቀው ቪዲዮ ላይ የራሳቸውን ምልክት አያትሙም፤ የወር ክፍያም አይጠይቁም።

ለገጠርና ለአነስተኛ ከተማ ነዋሪ ትልቁ ጥቅማቸው አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መሥራታቸው ነው። የመጫኛውን ፋይል ከሶፍትዌሩ ትክክለኛ ድረ ገጽ አንድ ሰው ካወረደው፣ በፍላሽ ዲስክ ለሌሎች ማካፈል ይቻላል፤ ፈቃዱም ይህን አይከለክልም። ሆኖም ፍላሽ ዲስክ ቫይረስ ስለሚያስተላልፍ ከመክፈት በፊት መፈተሽ ይገባል።

በእጅ ስልክ ለመሥራት ብዙዎች የሚጠቀሙት ካፕከትን ነው። ካፕከት የቲክቶክ ባለቤት የሆነው የባይትዳንስ ኩባንያ ምርት ሲሆን ለመጀመር ክፍያ አይጠይቅም። ነገር ግን አንዳንድ መገልገያዎቹ በክፍያ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ሥራ ከመጀመር በፊት የመረጡት መገልገያ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ቪዲዮውን ጨርሶ ማውጣት ሲፈለግ ክፍያ ከመጠየቅ ያድናል።

ፍጥነት ሲቀየር በምስሉ ላይ ምን ይሆናል?

ቪዲዮ በተከታታይ የሚታዩ ቋሚ ምስሎች ስብስብ ነው። አብዛኛው የእጅ ስልክ በአንድ ሰከንድ 30 ምስሎች ይቀርጻል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ሶፍትዌሩ ከየሁለቱ ምስል አንዱን እየዘለለ ያሳያል፤ የአንድ ደቂቃው ቪዲዮም በ30 ሰከንድ ያልቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የተቀረጸው ጊዜ ለፍጥነቱ ይካፈላል። የ10 ደቂቃ ቀረጻ በ4 እጥፍ ፍጥነት ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ የአንድ ሰዓት ቀረጻ በ60 እጥፍ ፍጥነት አንድ ደቂቃ ይሆናል።

ማዘግየት ግን ከማፍጠን ይከብዳል። በ30 ምስሎች የተቀረጸ ቪዲዮ በግማሽ ፍጥነት ሲታይ ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 15 እውነተኛ ምስል ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ክፍተቱን ለመሙላት ያንኑ ምስል ይደጋግመዋል፤ እንቅስቃሴውም የሚቆራረጥ ይመስላል። መፍትሔው ከቀረጻ በፊት ማሰብ ነው። በዝግታ ሊታይ የታሰበው ክፍል የስልኩን የካሜራ ማስተካከያ ወደ 60 ወይም 120 ምስል በሰከንድ በመቀየር መቀረጽ ይኖርበታል። በ60 የተቀረጸ ምስል በግማሽ ፍጥነት ሲሄድ 30 ምስል ስለሚኖረው እንቅስቃሴው አይቆራረጥም።

የጥንት ድምፅ አልባ ፊልሞች ሰዎችን ሁልጊዜ የሚጣደፉ የሚያስመስሉበት ምክንያትም ከዚሁ ሒሳብ ጋር የተያያዘ ነው። የዚያን ዘመን ካሜራዎች በእጅ የሚዘወሩ ስለነበሩ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 16 ገደማ ምስሎች ይቀርጹ ነበር። ፊልም ድምፅ ካገኘ በኋላ መለኪያው 24 ምስል ሆነ። በ16 የተቀረጸው በ24 ሲታይ አንድ ተኩል እጥፍ ይፈጥናል። ሰዎቹ በተፈጥሯቸው ችኩሎች አልነበሩም፤ የፍጥነት ልዩነቱ ችኩል አስመሰላቸው እንጂ።

ምን ይፈጥናል? ምን ይዘገያል? ምንስ አይነካም?

ማፍጠን የሚጠቅመው ለውጡ ለዓይን የማይታይ ያህል ቀስ ብሎ የሚመጣ ነገር ሲኖር ነው። በጓሳ አምባ ላይ የሚያልፈውን ጉም እንውሰድ። ጓሳ የመንዝ ሕዝብ ለረጅም ዘመን በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቀው የኖረ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና በማኅበረሰቡ ውሳኔ ለአጨዳ ይከፈታል። ጉሙ በሣሩ ላይ ሲተኛና ሲገፈፍ ለ30 ደቂቃ ስልኩን በማይነቃነቅ መቆሚያ ላይ አድርጎ ቀርጾ በ60 እጥፍ ማፍጠን፣ ቆሞ የሚያይ ሰው ልብ የማይለውን እንቅስቃሴ በ30 ሰከንድ ያሳያል። ሽመና፣ የድንጋይ ካብ ሥራ፣ የእርከን ቁፋሮ፣ የገበያ ቀን መሙላትና መበተንም ለዚህ ይመቻሉ።

ማዘግየት የሚጠቅመው በተቃራኒው ዓይን ሳይዘው ለሚያልፍ ነገር ነው። የተወቃ ገብስ በመንሽ ለነፋስ ሲሰጥ ፍሬውና ገለባው የሚለያዩበት ቅጽበት፣ ጭላዳ ከገደል ጫፍ ሲዘል፣ የሸማኔው መወርወሪያ ከድር መሐል ሲያልፍ በዝግታ ቢታዩ ትምህርት ይሰጣሉ። በጓሳ ለሚቀርጽ ሰው አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ለቀይ ቀበሮም ሆነ ለጭላዳ የተሻለ ምስል ፍለጋ መጠጋትና ማሳደድ ከመኖሪያቸው ያውካቸዋል። በርቀት ቀርጾ ምስሉን ማዘግየት ይሻላል።

ፍጥነታቸው ሊነካ የማይገባቸውም አሉ። የመጀመሪያው የሰው ንግግር ነው። አንድ አዛውንት ስለ ቀሮ ሥርዓት ሲያስረዱ በመሐል የሚያደርጉት ዝምታ የንግግራቸው አካል ነው። ቪዲዮው ከረዘመ ንግግሩን ከማፍጠን ይልቅ ሐሳቡን ሳይሰብሩ ማሳጠር ይገባል። ሁለተኛው ጭፈራ ነው። የትከሻው እንቅስቃሴ ከከበሮው ጋር ልክ ስለሆነ፣ ምስሉ ሲፈጥን የጨዋታው ወግ ይጠፋል፤ ጨፋሪውም መሳቂያ ይሆናል። ሦስተኛው ለሽያጭ የሚቀርብ እንስሳ አረማመድ ነው፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

የሾትከትን አሠራር ለምሳሌ እንመልከት። የሶፍትዌሩ ትእዛዞች በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ በንባባቸው አስቀምጠናቸዋል።

1. የተቀረጹትን ቪዲዮዎች በአንድ ማኅደር ውስጥ ማስቀመጥና ዋናውን ቅጂ ሌላ ቦታ ማኖር።

2. ቪዲዮውን ከፍቶ «ታይምላይን» ወደሚባለው የታችኛው መስመር መጎተት።

3. ፍጥነቱ የሚቀየረው የቪዲዮው አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ፣ በክፍሉ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ «ኤስ» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደል በመጫን መቁረጥ።

4. የተቆረጠውን ክፍል መርጦ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን መክፈትና «ስፒድ» በሚለው ቦታ ቁጥሩን መቀየር። 1 የተለመደው ፍጥነት ነው፤ 2 እጥፍ፣ 0.5 ግማሽ ነው።

5. የክፍሉ ድምፅ የሚፈለግ ከሆነ «ፒች ኮምፔንሴሽን» በሚለው ላይ ምልክት ማድረግ። ይህም ድምፁ እንዳይቀጥን ወይም እንዳይወፍር ያደርጋል።

6. ለሙዚቃው አዲስ የድምፅ መስመር ከፍቶ ፋይሉን ወደዚያ መጎተት፤ ከዚያም «ፊልተርስ» ከሚለው ውስጥ የድምፁን መጠን መቀነሻ፣ በመጀመሪያው ላይ ቀስ ብሎ የሚያስገባውንና በመጨረሻው ላይ ቀስ ብሎ የሚያወጣውን «ፌድ» መጨመር።

7. በ«ኤክስፖርት» ቪዲዮውን ማውጣት።

በኬደንላይቭ በክፍሉ ላይ የመዳፊቱን ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ቼንጅ ስፒድ» የሚለውን መምረጥ ይበቃል፤ እዚያ ፍጥነቱ በመቶኛ ስለሚጻፍ እጥፍ ማለት 200 ነው። በኦፕንሾት በዚያው የቀኝ ቁልፍ «ታይም» የሚለው ይከፈታል። በካፕከት ደግሞ ክፍሉን ነክቶ «ስፒድ»፣ ለሙዚቃው «ኦዲዮ» የሚሉትን መምረጥ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ በየጥቂት ደቂቃው ሥራን የማስቀመጥ ልማድ ብዙ ልፋት ያድናል።

የአንድ ባና ቪዲዮ ሒሳብ

የባናውን ሥራ ወደሚያሳየው ቪዲዮ እንመለስና ሒሳቡን እንሥራው። የ8 ደቂቃ የሽለታ ቀረጻ በ16 እጥፍ 30 ሰከንድ ይሆናል። ከ12 ደቂቃው የፈትል ቀረጻ የመጀመሪያዎቹ 20 ሰከንዶች በተለመደው ፍጥነት ይቀራሉ፤ ተመልካቹ የፈታይዋን እጅና የእንዝርቷን ዙር በትክክል ማየት አለበትና። የቀረው በ32 እጥፍ ወደ 22 ሰከንድ ይወርዳል። የ30 ደቂቃ የሽመና ቀረጻ በ60 እጥፍ 30 ሰከንድ ነው። ባለሙያዋ ስለ ሥራዋ የምትናገረው አንድ ደቂቃ አይነካም። በመጨረሻም በ60 ምስል የተቀረጸው፣ ባናው ሲዘረጋ የሚያሳየው የ7 ሰከንድ ምስል በግማሽ ፍጥነት 14 ሰከንድ ይሆናል። ድምሩ 176 ሰከንድ፣ ማለትም ለሦስት ደቂቃ 4 ሰከንድ የጎደለው ነው።

የፋይሉ ክብደትም አስቀድሞ ይታወቃል። ቪዲዮው በሰከንድ 2 ሜጋቢት ሆኖ ቢወጣ እያንዳንዱ ደቂቃ 15 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ሙሉው ቪዲዮ ከ45 ሜጋባይት ብዙም አይበልጥም። ለስልክ ተመልካች ይህ መጠን በቂ ነው፤ የላኪውንም የተቀባዩንም የኢንተርኔት ወጪ ይቀንሳል።

የተፋጠነው ክፍል «በ60 እጥፍ የፈጠነ» የሚል ወይም «የ30 ደቂቃ ሥራ» የሚል አጭር ጽሑፍ ቢኖረው ይመረጣል። ካልሆነ ግን ተመልካቹ ባናው በቅጽበት የሚያልቅ ሊመስለው ይችላል፤ ዋጋውን ያስረዳል የተባለው ቪዲዮም ዋጋውን ያረክሳል።

ሙዚቃው ከምን ይምጣ? እንዴትስ ይግባ?

ድምፅ ሲፈጥን ይቀጥናል፤ ሲዘገይ ይወፍራል። በእጥፍ የፈጠነ ዜማ በአንድ ሙሉ እርከን፣ ማለትም በአንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አብሮ ስለሚሄድ ቅኝቱ አይፈርስም፤ የድምፃዊው ድምፅና የማሲንቆው ለዛ ግን የሉም። ስለዚህ ምስሉ ቢፈጥንም ቢዘገይም ሙዚቃው በራሱ ፍጥነት ቢቆይ ይሻላል። የተፋጠነውን ክፍል የመጀመሪያ ድምፅ አጥፍቶ ሙዚቃውን ለብቻው ማስገባት የተለመደው መንገድ ነው።

ምስሉን ከምቱ ጋር ለማጣጣም የሙዚቃውን ምት መቁጠር ይጠቅማል። በደቂቃ 60 ምት ያለው ሙዚቃ በየሰከንዱ፣ 120 ያለው በየግማሽ ሰከንዱ ይመታል። በየአራቱ ወይም በየስምንቱ ምት ምስል ቢቀየር ዓይንና ጆሮ አብረው ይሄዳሉ። ሰው በሚናገርበት ጊዜ ሙዚቃው ከንግግሩ ከ15 እስከ 20 ዴሲቤል ዝቅ ማለት አለበት። መመዘኛው ቀላል ነው፦ በስልክ ድምፅ ማጉያ ሲሰማ አንዲት ቃል እንኳ ካመለጠች ሙዚቃው በዝቷል።

የሙዚቃው ስሜትም ከጉዳዩ ጋር መስማማት አለበት። ለሐዘን ቤት የሰርግ ዘፈን፣ ለዓቢይ ጾም ሥርዓት የጭፈራ ከበሮ ቢገባ ተመልካቹ ቪዲዮውን ሳይሆን ድፍረቱን ያያል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ከሁሉ የተሻለው ሙዚቃ የሥራው የራሱ ድምፅ ነው። የጅራፍ ጩኸት፣ የገበሬው በሬ መንዳት፣ የመወርወሪያው ምት ከየትም የመጣ ሙዚቃ የማይተካው ቦታ አላቸው።

የሌላ ሰው ዘፈን ባለቤት አለው

ታዋቂ ዘፈን ወስዶ ከቪዲዮ ጋር መለጠፍ ቀላል ቢሆንም ሕጋዊነቱ ሌላ ጉዳይ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት የኢኮኖሚ መብት ጥበቃ ይሰጣል። ዘፋኙና የድምፅ ቅጂው አዘጋጅም የየራሳቸው ተዛማጅ መብት አላቸው። በ2007 ዓ.ም የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 የመብት ባለቤቶች ከሥራቸው የሚያገኙትን ክፍያ በጋራ የሚያስተዳድሩበትን ሥርዓት አስገብቷል።

ከሕጉ በተጨማሪ ዩቲዩብን የመሰሉ መድረኮች የተመዘገቡ ዘፈኖችን በራሳቸው የሚለይ ሥርዓት አላቸው። የመብቱ ባለቤት እንደ መረጠው ቪዲዮው ሊታገድ ወይም ገቢው ለባለቤቱ ሊሄድ ይችላል። በቲክቶክም ለንግድ የሚለጠፍ ቪዲዮ የሚጠቀምበት የሙዚቃ ማኅደር ከተራው ተጠቃሚ የተለየ ነው። በግ ወይም ባና ለመሸጥ የሚለጠፍ ቪዲዮ ደግሞ የንግድ ሥራ ነው።

ችግር የሌለባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በዩቲዩብ የድምፅ ማኅደር ያሉትን ነፃ ሙዚቃዎች የፈቃድ ቃላቸውን አንብቦ መጠቀም ነው። ሁለተኛው ከባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ለአካባቢው ከሁሉ የሚስማማው ይመስላል፦ በዋሽንት፣ በክራር ወይም በማሲንቆ የሚጫወት የአካባቢ ሰው አስፈቅዶ መቅረጽ። የሕዝብ ዜማ የሁሉም ነው፤ ያን ዜማ የተጫወተው ሰው ግን በተቀረጸው አጨዋወቱ ላይ መብት አለው። ስለዚህ ለምን እንደሚውል ነግሮ፣ የሚከፈል ካለ ከፍሎ፣ ስምምነቱን በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ፣ ስሙን በቪዲዮው መጨረሻ ላይ መጻፍ ይገባል።

ለቀረጻው ልዩ ስቱዲዮ አያስፈልግም። የመንዝ ነፋስ በስልክ ማይክሮፎን ላይ የሚያሰማው ጉርምርምታ በኋላ በቀላሉ ስለማይጠፋ ቤት ውስጥ መቅረጽ ይመረጣል። በግድግዳው ላይ አንድ ሁለት ባና ቢሰቀል ወፍራሙ ሱፍ ድምፁን ስለሚውጠው የቤቱ ገደል ማሚቶ ይቀንሳል። ስልኩም ከተጫዋቹ ከአንድ ክንድ ብዙ ሳይርቅ ይቀመጣል።

ቪዲዮ ሲዋሽ

በግንቦት 2011 ዓ.ም በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ናንሲ ፔሎሲ ንግግር ፍጥነቱ ወደ 75 በመቶ ገደማ ዝቅ ተደርጎ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። አንዲት ቃል አልተጨመረችም፤ አልተቀነሰችምም። ንግግሩ በመዘግየቱ ብቻ ግን ተናጋሪዋ የሰከሩ መሰሉ፤ ብዙ ሰውም አመነ። ፍጥነትን በትንሹ መንካት የሰውን ስም ለማጉደፍ እንደሚበቃ ይህ ምሳሌ ያሳያል። በአገራችንም የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሥራ ላይ ነው፤ የተዛባ ቪዲዮ የሚያሰራጭ ሰው በኅሊናም በሕግም ሊጠየቅ እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ለአርሶ አደሩ ጉዳዩ ከዚህም ይቀርባል። ከብት፣ በግና በቅሎ በቪዲዮ ታይተው ዋጋ ሲነገርባቸው፣ ገዢው በዓይኑ የሚመዝነው አረማመድን ነው። የሚያነክስ እንስሳ ምስሉ ሲፈጥን ማንከሱ ከሩጫው ጋር ይደባለቃል። የሚያስል በግ ደግሞ ሙዚቃ ሲገባበት ሳሉ አይሰማም። ሻጩ ይህን ያደረገው ለማሳመር ብቻ ብሎ ቢሆንም፣ ገዢው እንስሳውን ሲረከብ እንደተታለለ ይቆጥረዋል። ከዚያ በኋላ የሚጎዳው ያ ሻጭ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ አካባቢ በቪዲዮ የሚሸጥ ሁሉ ይጠረጠራል።

ስለዚህ ለሽያጭ የሚቀርብ እንስሳ ቪዲዮ ቢያንስ አንድ ያልተቆረጠ፣ ፍጥነቱ ያልተነካ፣ ከመጀመሪያ ድምፁ ጋር ያለ ክፍል ሊኖረው ይገባል። እንስሳው ከፊት፣ ከኋላና ከጎን ሲራመድ ይታይ፤ ሙዚቃው ከፈለጉ በመግቢያው ላይ ይቆይ። ገዢም ሙዚቃ የተሞላበትን ወይም የሚጣደፍ ቪዲዮ ሲያይ «ያልተነካውን ላክልኝ» ማለት መብቱ ነው።

ይኸው መሣሪያ በተገቢው መንገድ ሲያገለግል ደግሞ እንስሳውን ሊያድን ይችላል። ለእንስሳት ሐኪም የሚላክ ቪዲዮ በሁለት ቅጂ ቢሆን ይመረጣል፦ አንዱ ፍጥነቱና ድምፁ ያልተነካ፣ ሌላው አረማመዱን በዝግታ የሚያሳይ። ሐኪሙ ከመጀመሪያው ሳሉንና አተነፋፈሱን ይሰማል፤ ከሁለተኛው የትኛው እግር መሬት ለመርገጥ እንደሚፈራ ይለያል። ለዚህ ቪዲዮ ሙዚቃ አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ ዋናው ቅጂ መጥፋት የለበትም። የተቀናበረው ቪዲዮ ለዛሬ ተመልካች የተዘጋጀ ነው፤ ያልተነካው ቀረጻ ግን ማስረጃም ቅርስም ነው። ዛሬ በ32 እጥፍ አፍጥነን የምናልፈውን የፈትል ሥራ፣ ነገ እንዝርት ይዛ ለመማር የምትፈልግ ልጅ በተለመደው ፍጥነቱ ልታየው ትሻለች። ስለዚህ ቪዲዮው ተቀናብሮ ከተለጠፈ በኋላ ዋናውን ቀረጻ ከስልክ ላይ ከመሰረዝ በፊት፣ ቀኑን፣ ቦታውንና የባለሙያዋን ስም ጽፎ ቢያንስ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ ይገባል።